አርባ አንድ ጊዜ «እሺ ልጄ»

ለእህቴ ለሰዓደት፣ ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል እህቴ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ባለፈው ስንደዋወል «ደረጃ ስወርድ ይይዘኛል» ካልሽኝ ጀምሮ ደረጃ ባየሁ ቁጥር አንቺን አስባለሁ። ጾሙ እንዴት ይዞሻል? የምታስታምሚያቸው አሮጊት አመላቸው ለዘብ አለ ወይስ እንደ ድሮው ውሃው ቀዘቀዘ፣ ውሃው ሞቀ እያሉ ያመላልሱሻል? ከኢፍጣር በኋላስ ጎንሽን የምታሳርፊበት ጊዜ ይሰጡሻል? መቼም እዚህ ተቀምጬ ከመጠየቅ በቀር የማግዝሽ ነገር የለም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደም ግፊቴ መድኃኒቱን ሳልረሳ ከዋጥኩ አይከፋም። ቤቱም፣ ጎረቤቱም፣ የቃሊቲ የከባድ መኪና ጩኸትም እንደምታውቂው ነው።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለገ እንደምትዪ አውቃለሁ። አንደኛ፣ ስልኩን የምትደውልልኝ ነጅላ ናት፤ የምነግርሽን ነገር ልጅሽ አጠገቤ ቆማ እየሰማች ልናገረው አልችልም። ሁለተኛ፣ እኔ የስልክ ሰው አይደለሁም። የምትዪኝን ሁሉ «እሺ፣ እሺ» እልና ከተዘጋ በኋላ ምን እንዳልሽ ኢክራማን እጠይቃለሁ። ሠላሳ ዓመት አብራኝ የኖረች ሚስት ጆሮም ትሆናለች። ይህን እንደ ቀልድ እያወራን ስንስቅበት ኖረናል፤ አሁን ግን አያስቀኝም። ከዒድ በኋላ ለዑምራ የሚመጡ የሰፈራችን ሰው ስላሉ ደብዳቤውን በእጃቸው እልክልሻለሁ።

እባክሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልታመመም፤ እሱን አስቀድሜ ልንገርሽና ልብሽ ይረፍ። ነገሩ የነጅላ ነው። ነጅላ የአውሮፕላን ማረፊያው ማማ ላይ መሥራቱን ትቼ ወደ ቢሮ አደግሁ ብላሻለች። አላደገችም ሰዓደት። ከነሐሴ ወዲህ ማማ ላይ አልወጣችም። የተቆጣጣሪነት ፈቃዷ ታግዶ መዝገብ ቤት ወረቀት ስታደራጅ ነው የምትውለው። ይህን የደበቀችሽ እንዳትደነግጪ ብላ ብቻ አይደለም፤ ከሥራዋ ያስወረዳት ማን እንደሆነ እንዳታውቂ ብላ ነው። ያስወረድኳት እኔ ነኝ።

አንቺ ለዓረፋ ልትመጪ ቀን ቆርጠሻል። እንደ ባለፈው የልጅሽ ድምፅ አውሮፕላንሽን መቆሚያው ድረስ እየመራ እንዲያስገባው ለአሠሪዎችሽ ሁሉ መናገርሽንም ነግረሽናል። የዛሬ ሁለት ዓመት አንቺ በመስኮት እያየሽ «የምትመራን ልጄ ናት» ብለሽ አጠገብሽ ለተቀመጠችው ሴትዮ፣ እሷ ደግሞ ለአስተናጋጇ ነግራ፣ ስትወርጂ እንደተጨበጨበልሽ ያላወራሽለት ሰው የለም። ያንን ጭብጨባ እየጠበቅሽ መጥተሽ ከአውሮፕላን ደረጃ ላይ እውነቱን እንድትሰሚው አልፈልግም። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

አምስት ዓመቷ ላይ እጄ ላይ ጥለሻት ስትሄጂ ልጅቷ እንዴት እንደነበረች ታስታውሻለሽ። ግንቡ ላይ ወጥታ ወደ ጉምሩክ የሚሰለፉትን ከባድ መኪናዎች እየተመለከተች «አንተ ቅደም፣ አንተ ቁም፣ አንተ ተሳቢህን ሰብስብ» ትላቸው ነበር። ሾፌሮቹ ባይሰሟትም አንዱ ሲንቀሳቀስ ያዘዘችው እሷ ትመስላት ነበር። ሰቦቃ፣ ያ ከእኔ ጋር ይነዳ የነበረው ጓደኛዬ፣ ባያት ቁጥር «ይቺ ትራፊክ ፖሊስ ነው የምትሆነው» ይል ነበር። እሷ ግን የበለጠ ሆነች። ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ፣ ተፈትና፣ ሠልጥና፣ ማማው ላይ ተቀምጣ ምድር ላይ ያለውን አውሮፕላንና መኪና ሁሉ በራዲዮ ቁም፣ ሂድ፣ ጠብቅ የምትል ሆነች። ያንቺ ልፋት ነው፤ የእኔም እንደሆነ አድርጌ ስኮራበት ነበር።

የእኔን ሥራ መቼም ታውቂዋለሽ። በዚያች ቢጫ ፒካፕ አውሮፕላን የሚነሳበትንና የሚያርፍበትን መንደርደሪያ እየዞርኩ እፈትሽ ነበር። የሞተ ወፍ፣ የወለቀ ብሎን፣ ነፋስ ያመጣው ፌስታል፣ አጥር ሾልኮ የገባ ውሻ ካለ አነሳ፣ አባርር ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስሜ በራዲዮ «አምስት» ነበር፤ የመኪናዬ ቁጥር ነው። ሰቦቃ «ሦስት» ነው። ማማው የሚያወራው ከስም ጋር አይደለም፣ ከቁጥር ጋር ነው። ደግሞም አንድ የማይታለፍ ሕግ አለ። ማማው አንድ ነገር ሲያዝሽ የታዘዝሽውን ቃል በቃል ትደግሚለታለሽ። «መስመሩ ላይ ቁም» ካለሽ «እሺ» አይባልም፤ «መስመሩ ላይ እቆማለሁ» ነው የሚባለው። አውሮፕላን አብራሪዎቹም በእንግሊዝኛቸው እንዲሁ ይደግማሉ። ደግመሽ ካላልሽ ማማው «ድገም» ይልሻል። ትልቅ ነህ፣ ትንሽ ነህ የለም።

እኔ ይህን ሕግ ለሌሎቹ ተቆጣጣሪዎች ስፈጽመው ኖሬያለሁ። ነጅላ የመጀመሪያ ሳምንቷ ላይ «አምስት፣ መስመሩ ላይ ቁም» አለችኝ። ድምጿን ስሰማ ደስ ብሎኝ «እሺ ልጄ» አልኩ። «አምስት፣ ድገም» አለችኝ። ደገምኩ፤ ጆሮዬ ግን ጋለ። ሰቦቃና ሌሎቹ ሾፌሮች በዚያው ራዲዮ ይሰማሉ። ምሳ ላይ ሰቦቃ «ጁማ፣ ልጅህ ፊደል እያስቆጠረችህ ነው?» ብሎ ሲያስቅብኝ ዋለ። እሱ ቀልዱን ነው፤ እኔ ግን ይዤው ቤት ገባሁ። እራት ላይ ኢክራማ ፊት «ፊደል አስቆጥሬ ያሳደግኳት ልጅ ዛሬ እንደ ተማሪ አስደገመችኝ» አልኩ። ነጅላ ማንኪያዋን አስቀመጠችና አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ ያስታወስኩትን ልንገርሽ? ስምንት ዓመቷ ላይ ለአንድ ሽማግሌ እንግዳ የሚፈልጉትን ቤት ስታመለክት «ምን አልኩዎት? ይድገሙልኝ እስቲ» ብላቸው ጆሮዋን ቆንጥጬ «ትልቅ ሰው አይታረምም» ያልኳት ትዝ አለኝ፤ በራሴ አስተዳደግም ኮራሁ።

ከዚያ ወዲያ አምስት ብላ ጠርታኝ አታውቅም። በራዲዮም «አብዬ» ነው የምትለኝ፤ «አብዬ፣ ይግቡ»፣ «አብዬ፣ ይጠብቁ»። እኔም «እሺ ልጄ»። አስደግማኝም አታውቅም። ሌላውን ሁሉ ታስደግማለች፣ እኔን ታልፋለች። ይህ ክብር መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ዓመት ከመንፈቅ ሠራሁ።

ነሐሴ ሃያ ሁለት፣ ረቡዕ ቀን ነበር። ዝናቡ ጠዋት አባርቶ ጭጋጉ ከመሬት አልተነሳም። አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ለፍተሻ ወጣሁ። ከመንደርደሪያው በፊት አስፋልቱ ላይ የተቀባ የመቆሚያ መስመር አለ፤ ማማው ሳይፈቅድ እሱን ማለፍ ክልክል ነው። እዚያ ደርሼ ጠራኋት። «አብዬ፣ መስመሩ ላይ ይቁሙ፤ የሚያርፍ አለ» አለችኝ። አልሰማሁም ብዬ አልዋሽሽም ሰዓደት። ድምጿ ጥርት ብሎ ነው የገባልኝ። «እሺ ልጄ» አልኳት። ዓይኔ ግን መንደርደሪያው መሃል ላይ የሆነ ነጭ ነገር አይቷል። ፌስታል ነው አልኩ በልቤ፤ ሞተር ውስጥ ከገባ ጉድ ይፈላል። አንቺን በስልክ እሺ እንደምልሽ፣ ኢክራማን መድኃኒትህን ዋጥ ስትለኝ እሺ እንደምላት፣ እሷንም እሺ አልኳትና እግሬ ነዳጁን ረገጠ። ደግሜላት ቢሆን ኖሮ የገዛ አፌ «መስመሩ ላይ እቆማለሁ» እያለ እግሬ እንዴት ይሄድ ነበር? ሃያ ስድስት ዓመት የደገምኩት ሕግ ለምን እንደወጣ ያን ቀን ነው የገባኝ።

መሃል ስደርስ ጭጋጉ ውስጥ ሁለት መብራት አየሁ። እየጎላ መጣ። ከዚያ የሰማሁት የነጅላን ድምፅ ነው፤ «አብዬ ይውጡ፣ አብዬ ይውጡ፣ አብዬ»። ከኋላዋ ደግሞ ሌላ ተቆጣጣሪ በእንግሊዝኛ አብራሪውን «ተነስ» ይለዋል። አውሮፕላኑ ጎማውን ሊያሳርፍ ጥቂት ሲቀረው አፍንጫውን ቀና አድርጎ በላዬ አለፈ። ፒካፗን ነፋሱ ሲንጣት ተሰማኝ። ሸሃዳ እንኳ ለማለት ጊዜ አላገኘሁም። መቶ ስንት ነፍስ ነው የተሳፈረበት፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ዞሮ በሰላም አረፈ። ብዙዎቹ ተሳፋሪዎች ዛሬም ምን እንደነበር አያውቁም ይሆናል። እኔ ወርጄ ያን ነጭ ነገር ላነሳው ጎንበስ ስል ፌስታል አልነበረም። ኩሬ ውሃ ላይ ያረፈ ብርሃን ነበር።

በመስከረም ለምርመራ ጠሩን። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢዋ ረጋ ያለች ሴትዮ ናት። በራዲዮ የተባለው ሁሉ ይቀዳል፤ የዚያን ቀኑን አሰሙን። ከዚያ የሌሎች ቀናትንም አሰሙን። እህቴ፣ ሰው የራሱን ድምፅ ሲሰማ እንዲህ ያፍራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሰቦቃ ይመጣና «ሦስት፣ መስመሩ ላይ እቆማለሁ» ይላል። ሌላው ይመጣና ይደግማል። ከዚያ እኔ፣ «እሺ ልጄ»። ደግሞ እኔ፣ «እሺ ልጄ»። አንዱ ወጣት መርማሪ ቆጥሮት ኖሮ በሁለት ወር ውስጥ አርባ አንድ ጊዜ ነው አለ። አርባ አንዱንም ጊዜ አልደገምኩም፤ አርባ አንዱንም ጊዜ አላስደገመችኝም።

ሰብሳቢዋ ወደ ነጅላ ዞረች። «ሌላውን ሁሉ እያስደገምሽ እሳቸውን ብቻ ለምን ተውሽ?» አለቻት። ነጅላ «ረሳሁ» አለች። «አርባ አንድ ጊዜ ረሳሽ?» «አዎ፣ ረሳሁ» አለች፤ ወደ እኔ ዞር ብላ እንኳ አላየችም።

እኔ እዚያው አጠገቧ ተቀምጫለሁ። አልረሳችም ማለት ነበረብኝ። እራት ላይ ማንኪያዋን ያስቀመጠችበትን ቀን፣ ጆሮዋን የቆነጠጥኩበትን ቀን መናገር ነበረብኝ። «እኔ ነኝ አታስደግሚኝ ያልኳት» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ቆቤን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ክሩን እየመዘዝኩ ዝም አልኩ። ምን አስፈራኝ? ጡረታዬ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። በክብር ልውጣ ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት ፈልጌ ላገኝልሽ አልቻልኩም።

በክብርም ወጣሁ። እሷ እንደታገደች ቀረች፤ ለእኔ ማስጠንቀቂያ ጻፉና ኅዳር ላይ አሰናበቱኝ። ጋቢ አለበሱኝ፣ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ፣ ሰቦቃ ስለ እኔ ተናገረ። ነጅላም መጥታ ከኋላ ቆማ አጨበጨበችልኝ። ሰዓቱን እስከ ዛሬ ከካርቶኑ አላወጣሁትም። ኢክራማ «ለምን አትሰቅለውም?» ስትለኝ ምስማር የለም እላታለሁ። ምስማር ሞልቷል።

ልጅሽ ቤት ውስጥ ዝም አለች ሰዓደት። ድሮ ሰማዩ ላይ አውሮፕላን ሲዞር ቀና ብላ ከየት እንደመጣ ትነግረን ነበር፤ አሁን ጣራውን ነክቶ ቢያልፍ ቀና አትልም። ጠዋት ከሳሪስ ታክሲ ተጋፍታ ትሄዳለች፣ ማታ በአቧራ የሻከረ እጇን ታጥባ ትገባለች። ያ ጥርት ያለ ድምጿ ወርዶ ወርዶ እህል ስታቀርብልን እንኳ ጠጋ ብለን ነው የምንሰማት። አንቺ ስትደውዪ ግን ታደምቀዋለች። አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰባት ወር እንዲህ አለፈ። አፌን ያስከፈተኝ ግን ትልቅ ነገር አይደለም፤ ድስት ነው። ያለፈው ሳምንት ጎረቤታችን አስካለች ታማ ኢክራማ ልትጠይቃት ስትወጣ ለኢፍጣር የጣደችውን ሾርባ አደራ አለችኝ። «ሲፈላ እሳቱን ቀንስና አውርደው» አለችኝ። እሺ አልኳት። መቼም ታውቂኛለሽ። ቁርኣን ልቅራ ብዬ ገብቼ ሽታው ነው የቀሰቀሰኝ። ነጅላ ከሥራ እየገባች ነበር። ጾመኛ ናት፣ ደክሟታል። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ድስቱን አወረደችና «አብዬ፣ አልተቃጠሉም?» አለችኝ። ከዚያ ቁጭ ብላ የከሰለውን በማንኪያ ትፍቅ ጀመር። ኢክራማ ገብታ «ምን ሆነ?» ስትል ነጅላ ቀና አለችና «እኔ ነኝ፣ ረሳሁት» አለቻት። ሾርባው ሲጣድ ቤት እንኳ አልነበረችም።

ያች ቃል ናት የጣለችኝ። እንደዚያ ቀን፣ በዚያው ድምፅ፣ ያው «ረሳሁ»። ኢክራማን «አይደለችም፣ እኔ ነኝ ያቃጠልኩት» አልኳት። ስለ ድስት ነው የተናገርኩት፤ እንባዬ ግን መጣ። ሁለቱም ደንግጠው አዩኝ።

በማግስቱ ያን የጡረታ ጋቢ ለብሼ ሰብሳቢዋ ቢሮ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ እራቱንም፣ ቁንጥጫውንም፣ ቆቡንም። ጻፈችው፣ አስፈረመችኝ። ከዚያ ብዕሯን አስቀምጣ «አቶ ጁማ፣ አባቷንም ቢሆን ማስደገም ግዴታዋ ነበር። ግን ይህን ያኔ ቢናገሩ ኖሮ በተግሳጽ ታልፍ ነበር» አለችኝ። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ እከላከል ነበር። ፋይሉ ተዘግቷል። አሁን የቀረው አንድ መንገድ ነው፤ ነጅላ እንደ አዲስ መፈተን ትችላለች። እስከ ሚያዝያ አሥራ አምስት ካልተመዘገበች ግን ፈቃዱ እስከ ወዲያኛው ይሠረዛል። የምዝገባው ጥሪ ለካ ከጥር ጀምሮ ደርሷት በመሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ለምን እንደማትመዘገብ ስጠይቃት «ድምፄን አላምነውም አብዬ። እኔ ቁም ብዬው የቆመ ይመስለኛል፤ ደግሞ አይቆምም» አለችኝ። ሕፃን ሆና ግንቡ ላይ ስትቆም ያልሰማት ሾፌር አይወቀስም፤ እየሰማ ያልቆመላት ግን እኔ ነኝ።

ትናንት እሁድ ከአስር ሰላት በኋላ ክፍሏ በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። ለሳምንቱ የምትለብሰውን ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። «ነጅላ፣ ሰባት ወር የዘገየ መልስ አለብኝ» አልኳት። ምን ልል እንደሆነ አላወቀችም። ሽማግሌ ሰው በር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ እንዲህ ሲል ያስቃል እንዳትዪ፤ ጉሮሮዬን ጠርጌ እንደ ራዲዮው አልኩት። «አምስት፣ መስመሩ ላይ እቆማለሁ። የሚያርፍ አለ። አልገባም።»

ካውያውን አቆመችው። ዞር አላለችም። እኔም ልግባና ላቅፋት ፈልጌ እግሬ ተነሳ። ይኼኔ ተናገረች። ያ ድምፅ ነው ሰዓደት፤ የማማው ድምፅ፣ ከነሐሴ ወዲህ ያልሰማሁት።

«አምስት፣ ትክክል ነው። ባለህበት ቆይ።»

አብዬ አላለችኝም። መጥታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። እኔም «ባለሁበት እቆያለሁ» ብዬ ለተዘጋው በር ደገምኩና ቆምኩ። ከውስጥ ለቅሶዋ ይሰማኝ ነበር። ኢክራማ ማዕድ ቀርቧል ስትለኝ «ቁም ተብያለሁ» አልኳት። ተቆጣችኝ፣ ከዚያ ገባት መሰለኝ ወደ ማጀት ተመለሰች። የመግሪብ አዛን ሲል ተምርና ውሃ አምጥታልኝ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አፈጠርኩ። ለነጅላም በበሩ ክፍተት ሰጠቻት። ልጅሽ ተቀብላ መልሳ ዘጋችው። ዛሬ ጠዋት እንደ ወትሮው ወደ ሥራ ሄዳለች፤ ግባ አላለችኝም፣ እኔም አልገባሁም።

እንግዲህ ለመንኩሽ። አንደኛ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ታላቅሽ ሆኜ አውፍ በይኝ ብዬሽ አላውቅም፤ ታላቅ መሆኔን እንደ ጋሻ ይዤው ኖሬ ያመጣብኝን አየሽው። ልጅሽን አደራ ብለሽ ሰጥተሽኝ እኔ ስሜን ለማትረፍ ጥፋቴን እሷ ላይ አሳረፍኩት። ባትዪኝም አልቀየምሽም። ሁለተኛ፣ ለነጅላ ስትደውዪላት ተፈተኚ ብለሽ አትዘዣት። እሷም ምናልባት በዚህ ጊዜ እውነቱን ትነግርሽ ይሆናል። ከነገረችሽ «እሺ ልጄ፣ አይዞሽ» ብለሽ አትለፊያት። ያለችሽን አንድ በአንድ ድገሚላት። ያለችው ነገር ሌላ ሰው ጋ ደርሶ ሲመለስ በጆሮዋ ትስማው። እኔ የነፈግኳት ይህንን ነው። ለዓረፋ ስትመጪ የምትመራሽ እሷ ትሁን አትሁን አላውቅም፤ ቃል ልገባልሽም አልችልም። በር ላይ ግን ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

ኢክራማ ሰላም ትልሻለች፤ ለጉልበትሽ ጥቁር አዝሙድ በዘይት አድርጋ ደብዳቤውን በሚያመጡልሽ ሰው እጅ ልካለች፣ ማታ ማታ ተቀቢው። አስካለች ተሽሏት ተነስታለች፣ ናፍቃሻለች። ሰቦቃ ሰላም በልልኝ ብሎኛል፤ በዚያ ቀልዱ እሱም ሲጸጸት ነው የከረመው። አሁን አዲስ ተቆጣጣሪ ሳያስደግመው ቢያልፈው እንኳ በራሱ እንደሚደግም ነግሮኛል። ለአሮጊቷም ለልጆቻቸውም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የነጅላን ሰላምታ ግን በእኔ እጅ አልጽፍልሽም። መናገር ሲገባኝ ስለ እሷ ዝም ብያለሁና አሁን ደግሞ ሳትልከኝ ስለ እሷ አልናገርም። ራሷ ትንገርሽ።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

ወንድምሽ ጁማ
አቃቂ ቃሊቲ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.